ለደንበኞቻችን፦ ውሃውን ሳናይ ማጣሪያ መሸጥ ለምን አቆምን?

ጥቅምት 2018 ዓ.ም.፣ ደብረ ብርሃን

ውድ ደንበኞቻችን፣ እንደምን ከረማችሁ? ቤተሰቡ፣ አዝመራው፣ ሥራው ሁሉ ደህና ነው ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ሰሞኑን ብዙዎቻችሁ እንደተቀየማችሁን ሰምቻለሁ። አንዳንዶቻችሁ ፊት ለፊት ነግራችሁኛል፤ ለዚህ አመሰግናለሁ። የሌሎቻችሁ ደግሞ ዞሮ ዞሮ ደርሶኛል። «ገንዘብ ይዘን ሄደን አልሸጥም አለን።» «ሰውየው ጠገበ።» «ድሮ ቧንቧ ሲጠግን እንዲህ አልነበረም።» ከመሐል ሜዳ ድረስ ብርዱን ችሎ መጥቶ ባዶ እጁን የተመለሰ ደንበኛም አለን። እሱንም እናንተንም ስላጉላላናችሁ ከልብ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ውሳኔውን ግን አልቀይርም። ምክንያቱን ሰው ተሰልፎ እየጠበቀ ባንኮኒ ላይ ቆሞ ማስረዳት አይመችም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት።

ነገሩ ይህ ነው። ከመስከረም ጀምሮ የምትጠጡትን ውሃ ሳናይና ሳንለካ ምንም ዓይነት የቤት ውሃ ማጣሪያ አንሸጥም። አር ኦ የሚባለውን፣ ውሃን በግፊት በስስ ሽፋን አሳልፎ የሟሟ ጨውና ማዕድን የሚያስቀረውን ማሽን ደግሞ ውሃችሁ የማይፈልገው ከሆነ ብትለምኑንም አንሰጥም። ርካሾቹን ካርትሪጆችም (ማጣሪያው ውስጥ የሚገቡትን ተቀያሪ ክፍሎች) ከመደርደሪያ አውርደናል።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት ይህን ሥራ የጀመርኩት በንግድ አይደለም። ቧንቧ ሠራተኛ ነበርኩ። በዚህ ከተማ ያልገባሁበት ጓሮ፣ ያልወጣሁበት የሮቶ ማማ የለም ማለት ይቻላል። ሰው ቤት ገብቶ ቧንቧ የሚፈታ ሰው የቤቱን ውሃ ያውቀዋል። የማን በራድ ነጭ ድንጋይ እንደሚይዝ፣ የማን ሮቶ ሥር ጭቃ እንደተኛ፣ የማን ልጅ በየክረምቱ ሆዱን እንደሚታመም ሁሉ ይሰማል። ሱቁን ስከፍት የመጀመሪያ ደንበኞቼ እነዚያው ቧንቧቸውን የጠገንኩላቸው ሰዎች ናቸው። አንዲት እናት ገንዘቡን ጨብጠው መጡና «ልጄ፣ እኔ ይሄን ነገር አላውቀውም፤ አንተ ይሻላል ያልከውን ስጠኝ» አሉኝ። እስከ ዛሬ ግማሹ ደንበኛዬ እንዲህ ብሎ ነው የሚገዛው። እንዲህ ላለኝ ሰው ዓይኔን ጨፍኜ ውዱን ማሽን ማሸከም አልችልም።

አሁን ወደ ውሃው ልምጣ።

ብዙዎቻችሁን ወደ እኛ የሚያመጣችሁ ፍርሃት ነው። ፍርሃቱን የሚዘሩት ደግሞ ቤት ለቤት የሚዞሩ ሻጮች ናቸው። አንዱን ጎረቤት ቤት ሆኜ ዓይቸዋለሁ። ሁለት ብርጭቆ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ፤ በአንዱ የቧንቧ ውሃ፣ በሌላው ከማሽን የወጣ ውሃ። ከዚያ የብረት ዘንጎች ያሉት ዕቃ ኮረንቲ ላይ ሰክቶ ሁለቱም ውስጥ ነከረ። የቧንቧው ውሃ መጀመሪያ ቢጫ ሆነ። ቀጥሎ ቡናማ። ትንሽ ቆይቶ እንደ አተላ ያለ ዝቃጭ ላዩ ላይ ተንሳፈፈ። የማሽኑ ውሃ ኩልል እንዳለ ነው። የቤቱ እመቤት እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው «ልጆቼን ይሄን ነው ሳጠጣ የኖርኩት?» አሉ።

ዘንጉን ተቀብዬ ጠረግሁና አሳየኋቸው። ጫፉ ተበልቷል። ያ ሁሉ ዝቃጭ የወጣው ከብረቱ ነው። ውሃ ውስጥ የሟሟ ማዕድን ኮረንቲ ያስተላልፋል፤ ኮረንቲው ብረቱን በደቂቃ ያዝገዋል። ከማሽኑ የወጣው ውሃ ማዕድኑ ስለተወሰደበት ኮረንቲ እንደልብ አያልፍበትም፤ ስለዚህ ብረቱ አይዝግም። በዚያ ንጹሕ በተባለው ብርጭቆ ቁንጥር ጨው ጣል አድርገን ደገምነው። እሱም ያንኑ ሆነ። ሻጩ ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ። እኛ ግን እዚሁ ከተማ ነዋሪ ነን፤ የምንሄድበት የለም።

ሌላው ቲዲኤስ የሚሉት ትንሽ መለኪያ ነው። እኛም እንጠቀምበታለን፤ ጥሩ ዕቃ ነው። የሚለካው ግን የሟሟ ጨውና ማዕድን ብቻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በሊትር እስከ 600 ሚሊ ግራም ድረስ የውሃው ጣዕም በአብዛኛው ጥሩ ነው፤ ከ1000 ሲያልፍ ለመጠጣት እየከበደ ይሄዳል። ባክቴሪያን መለኪያው አያይም። ቁጥሩ 80 የሆነ የምንጭ ውሃ ቤተሰብ ሙሉ ሊያስተኛ ይችላል፤ ቁጥሩ 400 የሆነ ሌላ ውሃ ምንም ላያደርግ ይችላል። «ቁጥሩ ወርዷልና ውሃው ድኗል» ብሎ የሚሸጥ ሰው ሲያጋጥማችሁ ይህን አስታውሱ።

አር ኦ መጥፎ ማሽን ነው እያልኩ አይደለም። ለቦታው ግሩም ነው። ጨዋማ ውሃን የሚያጣፍጥ፣ ፍሎራይድን የሚቀንስ እሱ ነው። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ፍሎራይድ የበዛበት ጉድጓድ ያላቸው ወገኖቻችን ጥርሳቸው ይበልዛል፤ ሲብስም አጥንታቸው ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ልክ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ፍሎራይድ በማፍላት አይወጣም፣ በተራ የካርቦን (የከሰል) ማጣሪያም አይወጣም። እንዲህ ያለ ውሃ ያለው ሰው ቢመጣ አር ኦውን ተሸክሜ ቤቱ ድረስ እወስድለታለሁ።

ግን የሟሟው ነገር ዝቅተኛ የሆነ ውሃ ላለው ቤት አር ኦ ምን ያደርግለታል? ማሽኑ 1 ሊትር ለማጣራት ብዙ ጊዜ 3 ወይም 4 ሊትር ወደ ፍሳሽ ይደፋል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ ሌሊት ተነስታችሁ በርሜልና ጀሪካን የምትሞሉ ሰዎች፣ ይህን ያህል ውሃ ስትደፉ አያንገበግባችሁም? በዚያ ላይ በቂ ግፊት ይፈልጋል። ግፊቱ ሲያንስ ፓምፕ ይገባል፤ ፓምፑ መብራት ይፈልጋል። መብራት ሲሄድ አብሮ ይቆማል።

የኛ አገር ብርድም አለ። ማሽኑ ላይ የተጻፈው የቀን ምርት 25 ዲግሪ ለሆነ ውሃ ነው። ውሃው በቀዘቀዘ ቁጥር የሚያጣራው ይቀንሳል፤ በየዲግሪው 3 በመቶ ያህል። የሮቶው ውሃ 12 ዲግሪ ሲሆን ከተጻፈው 60 በመቶውን ቢሰጥ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2800 ሜትር ገደማ ናት፤ የኅዳርና የታኅሣሥን ውርጭ ለእናንተ አልነግራችሁም። «ማሽናችሁ ሰነፈ፣ አጭበረበራችሁን» ብላችሁ ብርድ ልብስ ተከናንባችሁ የመጣችሁ አላችሁ። ማሽኑ አልተበላሸም። መጀመሪያውኑ የሚስማማችሁ ዕቃ አልነበረም። ውጭ ግድግዳ ላይ የተሰቀለማ ሌሊት ውስጡ ውሃው በረዶ ሠርቶ የማጣሪያው ቀፎ የተሰነጠቀበትም አለ።

ታዲያ ምን ይሻላል? መልሱ ከቤት ቤት ይለያያል፤ ለማየት የምንለምናችሁም ለዚህ ነው። በክረምት ድፍርስ ለሚመጣበት ቤት ቀዳዳው 5 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር 5 ሺኛ) የሆነ የደለል ካርትሪጅ ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ነጭ ሆኖ የገባ ነሐሴ ላይ ስታወጡት ዝናብ እንደነካው ጥጥ ከብዶ፣ ቡናማ ሆኖ ይወጣል። የክሎሪን ሽታ ለሚያስቸግረው ካርቦን ይጨመራል። ካርቦን ግን ጀርም አይገድልም። ክሎሪኑን ስለሚወስደው ያጣራችሁትን ውሃ ቶሎ መጠጣት ነው፤ ቀናት ካስቀመጣችሁት የሚጠብቀው ነገር የለም። ጊዜው ያለፈበት ካርቦን ደግሞ ራሱ የጀርም ማደሪያ ይሆናል።

የጉድጓድና የምንጭ ውሃ ለሚጠጡ፣ መብራት ለሌላቸው የገጠር ቤቶች እኔ የምመርጠው ባለ ሴራሚኩን ነው። ባልዲ ላይ ባልዲ፣ መሐሉ ላይ ነጭ ሻማ የሚመስል ሴራሚክ። ኮረንቲ የለ፣ ግፊት የለ፣ የሚደፋ ውሃ የለ። ሲዘጋ በለስላሳ ብሩሽ፣ ያለ ሳሙና፣ በንጹሕ ውሃ ይታጠባል። አንድ ነገር ብቻ፦ ስንጥቅ ካለው ዋጋ የለውም። ስንጥቁ እንደ ፀጉር ቀጭን ነው፤ ብርሃን ላይ ካልያዛችሁት አይታይም። ባለፈው አንድ አባት «ሦስት ዓመት ሠራልኝ» ብለው በኩራት ያመጡት ሻማ ከአንገቱ ሥር ዙሪያውን ተሰንጥቆ ነበር። ውሃውን ሳይጣራ እንደ ፈሰሰ ነው የሚጠጡት።

ማጣሪያ መግዛት ለማይችል ደግሞ ዝም አልልም። ውሃ እዚህ ደጋ ላይ 91 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል፤ ከ2000 ሜትር በላይ ባለ አገር ከተንፈቀፈቀ በኋላ 3 ደቂቃ ማቆየት ነው የሚመከረው። ከዚያ ከድኖ ማቀዝቀዝ። ይህን ለመናገር ሳንቲም አልጠየቅሁም፣ አልጠይቅምም።

ሸዋ ሮቢት ያለ አንድ ባለ ካፌ ደግሞ በዚህ ውሳኔ ክፉኛ ተቆጥቶብኝ ነበር። የቡና ማሽኑ በድንጋይ እየተዘጋ አስቸግሮት አር ኦ ፈለገ። ውሃውን አስመጥቼ ለካሁት። ችግሩ የውሃው ጥንካሬ፣ ማለትም ድንጋይ የሚሠራው ማዕድን መብዛቱ ነው፤ የሚያስፈልገው በጨው የሚታደስ የውሃ ማለስለሻ ነበር። እሱን ገዛ። ትርፌ በግማሽ ቀነሰ። ዛሬ ግን ደንበኛ ይልክልኛል።

ስለ ትርፍ ካነሳሁ፣ ከሁሉ የቆረጠኝን ልናገር። «ዋጋ የጨመሩት ስለጠገቡ ነው» ተባለ። ማጣሪያ ከነካርትሪጁ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው አሠራር ሲለወጥ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። እኔ ያን ቀን መደርደሪያ ላይ የነበረውን ዕቃ በአሮጌው ዋጋ ነው የጨረስኩት። ባለቤቴ መዝገቡን እያየች «መልሰን በምን እንገዛለን?» ስትለኝ መልስ አልነበረኝም። ኪራይ ጨምሯል። ከአዲስ አበባ ዕቃ የሚያመጣልን መኪና ጨምሯል። ይህን ሁሉ እናንተም በየቤታችሁ ታውቁታላችሁ፤ ለዚህ ነው «ዘረፈን» የሚለው ቃል ከእናንተ ሲመጣ የሚያመኝ።

ትርፍ ፈልጌ ቢሆን ኖሮ መንገዱ ቀላል ነው። ለመጣ ሁሉ አር ኦ መሸጥ። ማሽኑ ራሱ ያተርፋል፤ ደለልና ካርቦኑ በየጥቂት ወሩ ይቀየራል፤ ዋናው የማጣሪያ ሽፋን፣ ሜምብሬኑ፣ በሁለት በሦስት ዓመት ይቀየራል። ደንበኛው ለዓመታት ከእጄ አይወጣም። እኔ የተውኩት ይህን ነው።

ርካሾቹን ካርትሪጆች ስላወረድናቸውም ብዙ ተብሏል። አንዱን በመጋዝ ለሁለት ሰንጥቄ ባንኮኒው ላይ አስቀምጨዋለሁ፤ መጥታችሁ እዩት። ላዩ ላይ ቀጭን ጨርቅ፣ ውስጡ ሳሳ ያለ ስፖንጅ፣ የከሰል ዱቄቱ በማንኪያ የሚለካ ነው። ከጎኑ እኛ የምንሸጠውን ሰንጥቄ አድርጌአለሁ። በእጃችሁ አንሱና ክብደቱን አወዳድሩ።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ደብረ ሲና ተጠግቶ፣ ወገኖቻችን ተፈናቅለው ወደ ከተማችን ሲጎርፉ የሆነውን አልረሳሁም። ሥራ ቆሞ ነበር። ሱቁን ልዘጋው ነበር። ያኔ ከእናንተ መካከል ለራሳችሁ የማትፈልጉትን ባለ ሴራሚክ ባልዲ እየገዛችሁ ለተፈናቃዮች የወሰዳችሁ አላችሁ። ሱቁ እስከ ዛሬ የቆመው በእናንተ ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው እንዴት ደንበኛውን ይንቃል?

አሁን የምለምናችሁ ጥቂት ነገር ነው። ከተማ ውስጥ ላላችሁ የሱቃችን ልጆች ቤታችሁ መጥተው በነጻ ይለካሉ፤ ሮቶውን ጭምር ያያሉ። ሮቶው ከቆሸሸ መጀመሪያ እሱ ይታጠባል። ከከተማ ውጭ ላላችሁ፣ ውሃውን በንጹሕ ሃይላንድ አምጡልን። ቧንቧውን ትንሽ አፍስሳችሁ፣ ሃይላንዱን በዚያው ውሃ አለቅልቃችሁ፣ እስከ አፉ ሞልታችሁ፣ በዚያው ቀን። በሻይ ወይም በለስላሳ ጠርሙስ አይሁን። የባክቴሪያ ምርመራ ከፈለጋችሁ ግን ሃይላንድ አይሆንም፤ ላብራቶሪው የራሱን ከጀርም የጸዳ ጠርሙስ ይሰጣል፣ እንዴት እንደሚወሰድም እናሳያችኋለን።

ቀብድ ከፍላችሁ የምትጠብቁ፣ ሐሳባችሁን ከቀየራችሁ ገንዘባችሁ ሙሉው ይመለሳል። ደረሰኙ ቢጠፋም መዝገቡ ላይ ስማችሁ አለ። ካሁን ቀደም ከእኛ አር ኦ የገዛችሁም አትስጉ፤ ቅያሪውንና ጥገናውን አናቋርጥባችሁም።

ልጆቹን ግን አትቆጧቸው። «አንሸጥም» በሉ ያልኳቸው እኔ ነኝ። ቅሬታ ያለው እኔን ይጠይቅ፤ ከእሑድ በስተቀር ጠዋት ጠዋት ሱቅ አለሁ።

አክባሪያችሁ፣
የሱቁ ባለቤት