ለጅሬን መንገድ ሦስት ታፔላ

ባለፈው ሰሞን በባጃጅ ከጅማ ከተማ ወደ ጅሬን ዳገት ስንወጣ አንድ እንግዳ አብሮን ነበር። መንገድ ዳር የቆመች የዛገች ቆርቆሮ አየና "ምን ትላለች?" ብሎ ሾፌሩን ጠየቀው። ልጁ ቀዝቀዝ ብሎ አያት። ፀሐይና ዝናብ ፊደሏን በልተውታል። የተረፈችው አንዲት "ጅ" ናት። "ጅማ ይሆናል፣ ወይ ጅሬን፣ ወይ ጅፋር" አለ። ሳቅን። እንግዳው ግን የምሩን ነበር።

በዚያው ሰሞን የሰፈር ሰዎች ቡና ላይ ተመካከርንና የአገሩን ታሪክ የሚናገሩ ሦስት ታፔላ በመዋጮ ልናቆም ተስማማን።

አንዱ ዳገቱ ሥር ይቆማል። ላይ ያለው ቤተ መንግሥት የጅማው ንጉሥ የዳግማዊ አባ ጅፋር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ነገሡ። ለምኒልክ ገብረው አገራቸውን ከጦርነት አተረፉ፤ የውስጥ አስተዳደራቸውንም ይዘው ቆዩ። አባ ጅፋር የፈረስ ስማቸው እንደሆነ እኔ ራሴ ያወቅሁት ጎልምሼ ነው። በዚያ ዘመን ወደ ጅማ የሚገባ እንግዳ ኬላ ላይ ይቆማል፤ ካልተፈቀደለት አያልፍም።

ያጨቃጨቀን ሁለተኛው፣ የድሮው የጅማ ገበያ የሂርማታው ነው። የሐሙስ ገበያው በመላው የጊቤ አገር ስሙ የታወቀ ነበር። ቡና፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስ ይመጣል። አፍቃላ የሚባሉት የኦሮሞ ሲራራ ነጋዴዎች ጭነታቸውን ያራግፋሉ። መገበያያው አሞሌ ጨውና ማርትሬዛ ብር ነው። ሰውም ይሸጥ ነበር። ይሄ ይጻፍ ወይስ ይቅር?

አንድ አባት "ልጆቼ፣ ገመና አደባባይ አይሰቀልም" አሉ። ጥግ ላይ ቡና የሚቀዱት እናት ሲኒውን አስቀምጠው "የተሸጠውስ የማን ልጅ ነበር?" ሲሉ ቤቱ ጸጥ አለ። ይጻፍ ተባለ። እኔም የምደግፈው ይህንኑ ነው። ቡናውን ብቻ የሚያወራ ታፔላ ማስታወቂያ ነው፤ ማስታወቂያ ደግሞ ሞልቶናል።

ሦስተኛው መሀል ከተማ፣ ከጣሊያን ጊዜ የቀሩት ሕንፃዎች አጠገብ ይሆናል። እሱ ብዙም አላከራከረንም።

ጽሑፉ በአፋን ኦሮሞ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይሆናል። የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ፤ ተራ ቀለም ሁለት ክረምት አይችልም። ስለዚህ ፊደሉ ብረት ላይ ተቆርጦ ይሠራል። ወጪውን ከፍ ያደረገውም ይኸው ነው።

ብር ያላችሁ ለየሰፈራችሁ እድር ገንዘብ ያዥ ስጡ፤ ደረሰኝ ሳትቀበሉ እንዳትሄዱ። ሃምሳም አምስት መቶም አንድ ነው። ብር የሌለው ሲሚንቶ ይስጥ፣ አሸዋ ያመላልስ፣ ጉድጓድ ይቆፍር። ብየዳ ቤት ያላችሁ የግማሽ ቀን ጉልበት ብትለግሱን ትልቅ ነገር ነው። ውጭ ያላችሁ የጅማ ልጆች በዘመድ በኩል ላኩ። ከአያቶቻችሁ የሰማችሁት ወሬ፣ የቆየ ፎቶ ካለም አምጡ፤ አይተን እንመልሳለን። የፊደል ግድፈት የሚያይ ዓይን ያለው አስተማሪም እንፈልጋለን፤ አንዴ ብረት ላይ ከተቆረጠ ማረሚያ የለውም።

ምሰሶዎቹን ከግንቦት በፊት መትከል አለብን። ክረምቱ ከገባ የጅሬን ዳገት ጭቃ ነው፤ እንኳን ሲሚንቶ የጫነ መኪና፣ ባጃጅም አይወጣው።