ኢሜይሉ የባለቤቱ ይሁን

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የሥራ ማስታወቂያ በቴሌግራም መውጣት ከጀመረ ወዲህ፣ በደሴ ከፒያሳ እስከ ሰኞ ገበያ፣ በኮምቦልቻም ያሉ ኮፒ ቤቶች የኦንላይን ማመልከቻ እየሞሉ ለብዙ ሥራ ፈላጊ ደርሰውለታል። አንድ ልማድ ግን መቅረት አለበት፤ የአመልካቹን ኢሜይል በሱቁ ስልክ ቁጥር መክፈት። ፓስወርዱን የሚያውቀው ጸሐፊው ብቻ ነው፤ የማረጋገጫ ኮዱም የሚገባው ሱቁ ስልክ ላይ ነው። የፈተና ጥሪ ይመጣል፤ ማንም ሳያየው ቀኑ ያልፋል። አራት ዓመት ለተማረ ልጅ ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም።

በራስ ስልክ ኢሜይል ማውጣት የደቂቃዎች ሥራ ነው። ፓስወርድ ሲረሳ ኮድ የሚላክበት የማስመለሻ ቁጥር በአመልካቹ ስም የወጣ ሲም ይሁን፤ ሲሙ ሲቀየር ቁጥሩም ወዲያው ይቀየር። ጉግል 2 ዓመት ሙሉ ያልተከፈተ አካውንት ሊሰርዝ ስለሚችል፣ ሥራ ከተገኘ በኋላም አልፎ አልፎ ገባ ማለት ያስፈልጋል።

ማስረጃውንም ቤት ሆኖ ስካን ማድረግ ይቻላል። በአንድሮይድ ስልክ ጉግል ድራይቭን ከፍቶ የካሜራውን ምልክት መንካት፣ ዲግሪውንና ስቱደንት ኮፒውን ገጽ በገጽ ማንሳት፣ ከዚያ በአንድ ፒዲኤፍ ማስቀመጥ ነው። መስኮት ዳር፣ በቀን ብርሃን ይነሳ። ፍላሽ ከበራ ላሚኔቱ ያብረቀርቅና ማኅተሙ አይነበብም። ተራ የስልክ ፎቶ 3 ወይም 5 ሜጋባይት ሊደርስ ይችላል፤ ብዙ ቅጾች ደግሞ ከ1 ወይም ከ2 ሜጋባይት በላይ አይቀበሉም። ፋይሉ አልገባ ሲል ሰው ኔትወርኩን ይወቅሳል እንጂ የፋይሉን ክብደት አያይም። በቴሌግራም ሲላክም በፎቶ ሳይሆን በፋይል ይላክ፤ በፎቶ ከሄደ ይጨመቅና ጽሑፉ ይደበዝዛል።

ከሁሉ የሚብሰው የልደት ቀን ነው። ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሲቀየር ብዙ ጊዜ ዓመቱ ላይ 8 ተደምሮ ወሩና ቀኑ እንዳለ ይተዋል። ኅዳር 12 ቀን 1994 ዓ.ም. ግን እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 21 ቀን 2001 ነው፤ የተደመረው 7 ነው። ጥር 12 ቀን 1994 ዓ.ም. ደግሞ ጃንዋሪ 20 ቀን 2002 ነው፤ እዚህ 8 ይደመራል። ድንበሩ ጃንዋሪ 1 ነው፤ እሱም እንደ ዓመቱ ታኅሣሥ 22 ወይም 23 ላይ ይውላል። በፋይዳ፣ በፓስፖርትና በማመልከቻው ላይ ያለው ቀን ካልተመሳሰለ ማስረጃው የሌላ ሰው ይመስላል። ስምም እንዲሁ ነው። «ሰይድ»ን በላቲን ፊደል አንዱ በ4፣ ሌላው በ5 ፊደል ይጽፈዋል፤ በጆሮ ከመጻፍ ዲግሪው ላይ ያለውን ፊደል በፊደል መገልበጥ ይሻላል።

የኮፒ ቤት ባለቤቶች፣ ደንበኛው ከመውጣቱ በፊት የኢሜይል አድራሻውን፣ የምዝገባ ቁጥሩንና ማመልከቻው የተላከበትን ቀን በወረቀት አትማችሁ ስጡት። ኢሜይሉን ከኮምፒውተሩ ላይ ዝጉ፤ ዳውንሎድ ውስጥ የቀረውን የዲግሪውን ቅጂም እሱ እያየ አጥፉ፤ ሪሳይክል ቢኑም ባዶ ይሁን።

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ