የሪፎ ብዙ ቁጥር

ይድረስ ለወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። አየህ፣ አባቴ ደብዳቤ ሲያጽፈኝ እንደሚጀምረው ጀመርኩ። አራት ዓመት ሙሉ ጠፍቼ በቴሌግራም "ሃይ፣ አለህ?" ማለት አሳፈረኝ። የልጅህን ክርስትና እንኳ ከሰው ነው የሰማሁት። ሰበብ አልደረድርም፤ ጥፋቱ የኔ ነው።

አሁን የምጽፍልህ ስለ አንድ ቃል ልጠይቅህ ነው። ሪፎ። ታስታውሰዋለህ?

ካለፈው ክረምት ጀምሮ ማታ ማታ ከሥራ መልስ አንዲት ፕሮግራም እየጻፍኩ ነው። ሰው ቁጭ ብሎ የፈጠራቸውን ቋንቋዎች ቃላት የምታረባ ናት። ባለቤቴ "እርባታ ጀምሬያለሁ" ስላት ዶሮ መስሏት ቦታው የት እንደሆነ ጠይቃኝ ነበር።

በኤስፔራንቶ ጀመርኩ። ዛመንሆፍ የሚባል የዓይን ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1887 ዋርሶ ላይ ያወጣው ቋንቋ ነው። እንዲቀል ተብሎ ስለተሠራ ይቀላል። መጽሐፍ ሊብሮ ነው። ሲበዛ ሊብሮይ፣ ተሳቢ ሲሆን ደግሞ ሊብሮይን። ቅጽሉም አብሮት ይረባል፦ ቤላይን ሊብሮይን፣ ቆንጆ መጻሕፍትን። ጫፉ ላይ መቀጠል ብቻ። አንድ ምሽት በቃኝ። ትንሽም ተኩራራሁ።

ከዚያ ናቪኛ መጣ። ፖል ፍሮመር የተባለ የቋንቋ ምሁር እ.ኤ.አ. በ2009 ለወጣው አቫታር ፊልም የፈጠረው፣ የነዚያ ሰማያዊ ረጃጅም ፍጡራን ቋንቋ ነው። ማደን ታሮን ይባላል። ያለፈ ጊዜ ሲሆን ታማሮን፣ የወደፊት ሲሆን ታያሮን። ጭማሪው የሚገባው ቃሉ ሆድ ውስጥ ነው! የኔ ፕሮግራም ጅራት መቀጠል እንጂ ሆድ መክፈት አታውቅም። "ታሮናም" እያለች ቁጭ። ሰበረ፣ ይሰብራል፣ ስበር እያልኩ ያደግሁት ሰውዬ ይህ እንዴት ቀድሞ አልታየኝም? ኮድ መጻፍን በእንግሊዝኛ ስለተማርኩ መሰለኝ ቃልን ሁሉ እንደ ባቡር ፉርጎ ከኋላ የሚቀጠል አድርጌው ነበር። በመጨረሻ እያንዳንዱን ግሥ ስመዘግብ የሚከፈትበት ቦታ ላይ ነጥብ አደረግሁበትና ተገላገልኩ።

ብዙ ቁጥሩ ግን ባሰ። "አይ" ከፊት ሲገባ የቃሉ የመጀመሪያ ድምፅ ይላላል። ት ወደ ስ ይለወጣል፦ ሰው ቱቴ ነው፣ ሰዎች አይሱቴ። ጥ ደግሞ ወደ ት። አዎ፣ ጥ፣ ጵ እና ቅ አሏቸው! ፈረንጆቹ አንገታቸው እስኪገተር የሚለማመዱትን ድምፅ እኛ ገና ጡት ሳንጥል ነው ያወቅነው። እሳት ጤፕ ነው፤ ጤፍ አላልኩም። ሲበዛ አይቴፕ መሆን ነበረበት። ፕሮግራሟ አይሴፕ አለችኝ። ሁለት ሌሊት ፈጀብኝ። ለካ አንዱ ሕግ ጥን ት ያደርገዋል፣ ተከታዩ ሕግ ያንኑ ት ያገኝና ስ ያደርገዋል። ባንድ ዕቃ ሁለቴ ቀረጥ እንደመክፈል ነው። ኪሞ ኮስኬኒየሚ የሚባል ፊንላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ1983 ሕጎቹ ተራ ሳይጠብቁ ሁሉም ባንዴ ቃሉን የሚያዩበትን ዘዴ አውጥቷል። እኔም ከዚያ ተምሬ፣ ሕጎቹ ሁሉ መነሻውን ቃል ብቻ እንዲያዩ አደረግሁ። አይቴፕ ሲል ብታይ፣ ወንበሬ ላይ ቆሜ ነበር።

በዚያው ሌሊት ነው እኛው የፈጠርነው ቋንቋ፣ ቱሊኛ፣ ትዝ ያለኝ። ሰባተኛ ክፍል፣ የኋላ ዴስክ፣ የ50 ሉክ ደብተር። ዳቦ ኮማ፣ ሲበዛ ኮማማ። መፎረፍ ናጢ፣ ያለፈ ጊዜ ሲሆን ናልጢ። ተመልከት፣ ሆድ ከፍተን አስገብተናል! ፍሮመርን ሳንቀድመው አልቀረንም። ፕሮግራሟ ቱሊኛን ባንድ ሰዓት ጨረሰችው።

ሪፎ ላይ ስትደርስ ግን ቆምኩ። ሪፎ መምህር ነው። በሕጋችን ከሄድን መምህራን ሪፎፎ ይሆናሉ። ግን እኛ ሪፎፎ ብለን አናውቅም። ባልን ቁጥር ሳቅ እያመለጠን ስንያዝ፣ አንተ ነህ በፋንታው ሌላ ቃል ያወጣህለት። ፊትህን ኮስተር አድርገህ ስትለው ይታየኛል። ቃሉ ራሱ ግን ጠፋኝ። ከሕግ የወጡ ቃላት የሚመዘገቡበት ሰንጠረዥ አለኝ። የኤስፔራንቶው ባዶ ነው ማለት ይቻላል፣ የናቪኛው ሞልቷል። የቱሊኛው አንድ መስመር አለው፤ እሱም ክፍት ነው።

ደብተሩ አንተ ጋ ነበር የቀረው። እናትህ ካልጣሉት ከድሮ መጻሕፍትህ ጋር አንድ ቦታ ይኖራል። ገጹን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ። ከጠፋም ደውልና በአፍህ ንገረኝ፤ ስልኬ አልተቀየረም። እስከዚያ ማሽኗ ሪፎፎ ማለቷን አላቆመችም። እኔም እዚህ ብቻዬን እየሳቅሁ ነው።

ወንድምህ