ማንቼ ሲሸጥ እኛ ስለ ምርጫ እናወራ ነበር

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ባለፈው ሳምንት በስፖርት ገጻችሁ ላይ የወጣውን አስተያየት አነበብኩት። ጸሐፊው የአገራችን ክለቦች ከከተማ አስተዳደር በጀት ተላቀው ለባለሀብት ቢሸጡ ይሻላል ይላሉ። የውጭ ባለሀብት ከተገኘ ደግሞ እሰየው ነው ይላሉ። ደጋፊው ዋንጫ ከመጣለት ማን ገዛው ብሎ እንደማይጠይቅም ጽፈዋል።

ስለ በጀቱ ልክ ናቸው። ስለ ደጋፊው ግን ተሳስተዋል። እኔ ክለቡ ለውጭ ሰው የተሸጠበት ደጋፊ ነኝ። ደጋፊ ይጠይቃል። ችግሩ ዘግይቶ መጠየቁ ነው።

የማንቸስተር ዩናይትድ፣ እኛ ማንቼ የምንለው ክለብ፣ ደጋፊ ነኝ፤ ባሕር ዳር ተወልጄ ባሕር ዳር ያደግኩ። አንዳንዱ "አይተኸው የማታውቀውን አገር ክለብ እንዴት ክለቤ ትላለህ?" ይለኛል። እላለሁ። ልጅነቴ ያለቀው እሱን ሳይ ነው። ግሽ ዓባይ አካባቢ በነበረ አንድ ኳስ ቤት ሰሌዳ የምጽፈው እኔ ነበርኩ። "ማንቼ ከ አርሰናል፣ 12 ሰዓት" ብዬ በጠመኔ እጽፍና በር ላይ አቆማለሁ። በዚያ ምክንያት መግቢያ አልከፍልም። ቴሌቪዥኑ የብረት ሳጥን ውስጥ ነው። አግዳሚው የባሕር ዛፍ ጣውላ ነው። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ድረስ አንዱ በሬዲዮ ውጤት ይፈልጋል፣ ሌላው ይጸልያል።

ማልኮም ግሌዘር የሚባለው አሜሪካዊ ክለቡን በእጁ ያስገባው ግንቦት 4 ቀን 1997 ዓ.ም ነው። ትልቁን ድርሻ ይዘው ከነበሩት ሁለት አየርላንዳውያን ባለሀብቶች ላይ ገዝቶ ነው የገባው። ቀኑን ያልረሳሁት በሌላ ምክንያት ነው። አገር አቀፉ ምርጫ ሦስት ቀን ቀርቶት ነበር። ካፌው፣ ሱቁ፣ የሐይቁ ዳር ወንበር ሁሉ ስለ ምርጫ ነበር የሚያወራው። ስለ ግሌዘር ማን ያስባል? የስፖርት ጋዜጣ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ነበር የሚደርሰን። አንዱ ይገዛል፣ አሥራ አምስቱ ያነበዋል። ወሬውን ስናነበው የደስ ደስም ተሰማን። ሀብታም ገዛን አልን። ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1995 ዓ.ም፣ ሩሲያዊው ሮማን አብራሞቪች ቼልሲን ገዝቶ ገንዘብ ሲያፈስበት አይተን ነበር። የእኛም ተራ ደረሰ ብለን አሰብን።

ባንክ የሚሠሩ አንድ ጋሼ ነበሩ። ሁልጊዜ ከኋላ ይቀመጣሉ፤ የአርሰናል ደጋፊ ናቸው። ጋዜጣውን ተቀብለው አንብበው ሲጨርሱ "ልጆች፣ ይሄ ሰውዬ እናንተን በእናንተው ብር ነው የገዛችሁ" አሉን።

አልገባንም። ያን ጊዜ በጀልባ አስረዱን። "እንበል አንድ ሰው ከዘጌ ሰው የምታመላልሰውን ጀልባ መግዛት ፈለገ። በቂ ብር የለውም። ጀልባዋን ራሷን አስይዞ ተበደረና ገዛት። ከዚያ በኋላ ተሳፋሪው የሚከፍለው ሁሉ ወደ ባንክ ይሄዳል። ሞተሩ ሲያስል ማሳከሚያ የለም።" አንዱ ልጅ "ገና ያልገዛትን ጀልባ እንዴት ያስይዛታል?" ብሎ ጠየቃቸው። "እሱን እንግዲህ የፈቀደላቸውን ጠይቅ" አሉት።

ጀልባዋ ከብዙ የኢኮኖሚክስ ትምህርት በልጣ እስከዛሬ አብራኝ አለች። ዋጋው 790 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ነበር። ከዚያ ውስጥ ከ500 ሚሊዮን በላዩ ብድር ነው። ከብድሩም ግማሽ የሚሆነው በክለቡ ንብረት ላይ ተጣለ። ከዚያ በፊት ክለቡ ዕዳ አልነበረበትም። በ2002 ዓ.ም መጀመሪያ ላይ ጠቅላላ ዕዳው ከ700 ሚሊዮን ፓውንድ አልፎ ነበር።

አሁን የሚከብደኝን ልናገር። ማንቸስተር ላይ ያሉት ደጋፊዎች ገና ከመጀመሪያው ነው የጮኹት። በዚያው ክረምት የተወሰኑት ክለቡን ትተው የራሳቸውን አቋቋሙ፤ ኤፍ ሲ ዩናይትድ ኦፍ ማንቸስተር ይባላል። የአባላት ክለብ ነው። አንድ አባል አንድ ድምፅ አለው፤ ብዙ ብር ያዋጣም ትንሽ ያዋጣም እኩል ነው። ከታች ካለው ሊግ ጀምረው በ2007 ዓ.ም የራሳቸውን ሜዳ አስመረቁ። እኛ ባሕር ዳር ቁጭ ብለን ከዳተኞች አልናቸው። እኔም ብያለሁ። በሰሌዳው ላይ ሳይቀር ጽፌዋለሁ። ቡድኑ እያሸነፈ ነበራ! ከ1999 እስከ 2001 ዓ.ም ሦስት ሊግ በተከታታይ በላን። በ2000 ዓ.ም ሞስኮ ላይ ቼልሲን በመለያ ምት አሸንፈን የአውሮፓን ዋንጫ አነሳን። እዚህ ላይ ጸሐፊው እውነት አላቸው፤ ዋንጫ አፍ ያዘጋል። የእኛን አፍ ለአራት ዓመት ዘግቷል።

የተከፈተው ሮናልዶ ሲሸጥ ነው። 80 ሚሊዮን ፓውንድ ተከፈለበት። እኛም ማን ሊመጣ ነው ብለን ጠበቅን። ያን የሚያህል ሰው አልመጣም። ገንዘቡ የት ገባ? ጋሼ በዚያ ጊዜ ወደ ሌላ ከተማ ተዛውረው ነበር። ቢኖሩ ኖሮ ይቅርታ እጠይቃቸው ነበር።

አረንጓዴና ቢጫው ነገር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ክለቡ በፈረንጆቹ 1878 በባቡር ሠራተኞች ሲመሠረት ስሙ ኒውተን ሂዝ ነበር፤ የሚለብሰውም አረንጓዴና ወርቃማ ቢጫ ነው። ማንቸስተር ዩናይትድ የተባለው በ1902 ነው። ደጋፊዎቹ በ2002 ዓ.ም ቀዩን ስካርፍ አውልቀው የመሥራቾቹን ቀለም አንገታቸው ላይ አሰሩ። ክለቡን እንወዳለን፣ ባለቤቶቹን አንፈልግም ማለታቸው ነው። እኛ ያንን ስካርፍ ከየት እናመጣለን? ከገበያ የሹራብ ክር ገዛንና እህቴ በኪሮሽ ሠራችልን። ክሩን ሳመጣላት "ቀዩስ?" አለችኝ፤ የባንዲራ መስሏት ነው። መንገድ ላይም ያየን ሁሉ ቀዩ የት ሄደ እያለ ይጠይቀን ነበር። ለእያንዳንዱ ቆመን እናስረዳለን። ስለ ዕዳና ስለ ወለድ ግሽ ዓባይ መንገድ ላይ ያስረዳነውን ያህል ትምህርት ቤት ብናጠና ሁላችንም ባንክ እንቀጠር ነበር።

መጋቢት 1 ቀን 2002 ኦልድ ትራፎርድ ላይ ኤሲ ሚላንን 4 ለ 0 አሸነፍን። የእኛ የቀድሞ ተጫዋች ቤካም የሚላን ተጫዋች ሆኖ ተቀይሮ ገብቶ ነበር። ጨዋታው አልቆ ሲወጣ ከደጋፊ የተወረወረ አረንጓዴና ቢጫ ስካርፍ ከመሬት አነሳ። አንገቱ ላይ አደረገው። ኳስ ቤቱ ተናወጠ። የጎሎቹን ጩኸት ሁሉ የሚያስንቅ ጩኸት ነው የጮህነው። የአርሰናል ልጆች ሳይቀሩ ቆመው አጨበጨቡ። ቤካም በኋላ የክለቡ አስተዳደር የእኔ ጉዳይ አይደለም ብሏል። ይበል። እህቴ የሠራችው ስካርፍ ያን ቀን አንገቴ ላይ ነበር።

የቼልሲ ደጋፊ የሆነ ጓደኛዬ ይሄን ሁሉ ስነግረው ይስቃል። "እኛንም የውጭ ሰው ነው የገዛን። ሊግ በላን፣ ቻምፒዮንስ ሊግ በላን" ይላል። እውነቱን ነው። ግን መጋቢት 2014 ላይ ምን ሆነ? የእንግሊዝ መንግሥት በዩክሬን ጦርነት ምክንያት በአብራሞቪች ላይ ማዕቀብ ሲጥል ክለቡ አዲስ ትኬት እንኳ መሸጥ ተከለከለ። ማልያ መሸጫ ሱቁ ተዘጋ። ጓደኛዬ ያን ሰሞን እኔ ጋ መጥቶ "አሁን የማን ነን?" ሲለኝ ፊቱ ትዝ ይለኛል።

"ዋንጫ ከመጣ አይጠይቅም" ለሚለው ከሁሉ የሚበልጠው መልስ ካርዲፍ ነው። የማሌዥያው ባለሀብት ቪንሰንት ታን በ2004 ዓ.ም የካርዲፍን ሰማያዊ ማልያ ቀይ አደረገው። በዓመቱ ቡድኑ በቀዩ ማልያ ፕሪሚየር ሊግ ገባ። ደጋፊው ለብዙ ዓመት የናፈቀው ነገር ነው። እና ዝም አለ? አላለም። ጥር 2007 ላይ ሰማያዊው ተመለሰ። የእኛን የጣና ሞገዶች፣ የባሕር ዳር ከተማን ክለብ፣ አንድ ባለሀብት ነገ መጥቶ ስማቸውን ቢለውጥ፣ ሊግ ስለበሉ ብቻ ባሕር ዳር ዝም የምትል ይመስላችኋል?

ፋሲካን ደግሞ ልጨምር። ሚያዝያ 24 ቀን 2013 ነው። ጾም ተፈትቷል፣ ዶሮው ተበልቷል፣ ምሽት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ማንቼ ከሊቨርፑል ጋር ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት 12 ታላላቅ ክለቦች፣ የእኛም ባለቤቶች ያሉበት፣ ሱፐር ሊግ የሚባል የራሳቸውን ዝግ ውድድር እናቋቁማለን ብለው በሁለት ቀን ፈርሶባቸው ነበር። በነጭ ልብሳችን ሄደን ቁጭ አልን። ጨዋታው የለም። ስክሪኑ ላይ የምናየው ደጋፊ ኦልድ ትራፎርድ ሜዳ ውስጥ ገብቶ አረንጓዴና ቢጫ ጭስ ሲያጨስ ነው። ጨዋታው ተላለፈ። የከፈልነውን መግቢያ ማንም መልሱልን አላለም። ቤቱ ውስጥ አንድም ሰው አልተናደደም። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ እነሱ ሲጮኹ እኛ ምን ስንል እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን።

በውጭ ሰው ላይ ጥላቻ ያለኝ አይምሰላችሁ። በ2016 ዓ.ም የዚያው የማንቸስተር አካባቢ ልጅ የሆነው ጂም ራትክሊፍ ከአራት አንድ እጅ የሚበልጥ ድርሻ ገዛ። የአገር ልጅ ገባ ብለን ደስ አለን። ዓመት ሳይሞላ ሠራተኛ ተቀነሰ። በውድድሩ አጋማሽ ትኬት 66 ፓውንድ ገባ፤ ለልጅም ለአዛውንትም ቅናሽ አልነበረውም። ስለዚህ ፓስፖርቱን ተዉት። እኔን የሚያሳስበኝ ክለቡ በማን ዕዳ እንደሚገዛና ደጋፊው በምን ወረቀት እንደሚጠይቅ ነው።

የእኛም ክለብ ገንዘብ ያስፈልገዋል። የከተማ በጀት ላይ መንጠልጠል ለተጫዋቹም ለአሠልጣኙም ጥሩ አይደለም። ይሄ ክለብ በ2010 ዓ.ም ወደ ፕሪሚየር ሊግ ሲያድግ፣ በ2015 ዓ.ም ደግሞ በአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ የታንዛኒያውን አዛም በመለያ ምት ሲጥል ከተማው እንዴት እንደሆነ አይቻለሁ። ባለሀብት ይምጣ። ግን ሳይሸጥ በፊት የሚታሰር ነገር ይኑር። ጀርመኖች ከጥቂት ክለቦች በቀር ከድምፁ ከግማሽ በላይ የሆነው በአባላት እጅ እንዲቆይ ደንብ አላቸው። እኛ ከዚያ ባነሰም መጀመር እንችላለን። ገዢው በክለቡ ስም ተበድሮ ክለቡን እንዳይገዛ ይከልከል። ስሙና ቀለሙ ያለ ደጋፊው ድምፅ አይነካ። ደጋፊውም ማልያ ገዢ ብቻ ከሚሆን በትንሽ ብር የአባልነት ድርሻ ይግዛ፤ ስሙ መዝገብ ላይ ይስፈር። ጨው ቸርቻሪውም፣ ባጃጅ ነጂውም፣ ተማሪውም ይግዛ።

ልጄ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ስታዲየም ይዤው ስገባ "አባዬ፣ ይሄ ክለብ የማን ነው?" አለኝ። "የእኛ ነው" አልኩት። "ማንቼስ?" ሲለኝ መልስ አጣሁ። ቤት ስንገባ የአክስቱን ስካርፍ አውጥቼ አሳየሁት። አንድ ጫፉ ተተርትሯል። "ቀዩስ?" አለኝ እሱም።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። ጸሐፊያችሁ ቀጣዩን ጽሑፍ ከማውጣታቸው በፊት ለመሸጥ እያሰበ ያለ ክለብ ካለ ሄደው ሦስቱን ነገር ይጠይቁልን፦ ብሩ ከየት ነው፣ ዕዳው በማን ስም ነው፣ ደጋፊው ስንት ድምፅ አለው። መልሱን ያገኙትን ያህል ጻፉት። "መልስ አልሰጡንም" የሚልም ቢሆን ጻፉት፤ እኛ እናነበዋለን።

አክባሪያችሁ፣
የማንቼና የጣና ሞገዶቹ ደጋፊ
ከባሕር ዳር