ሆፐሩ ሳንቲሙን ሁሉ ሲተፋ ጥፋቱ የሞተሩ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ አሮጌ ስሎት ማሽን (እጀታው ተስቦ የሚጫወቱበት የቁማር ማሽን) ባወጣችሁት ጽሑፍ ላይ «ሆፐሩ ሳንቲም መትፋቱን ካላቆመ ሞተሩ ይቀየር፤ ካልሆነም የውስጡ ዕቃ ወጥቶ ኤሌክትሮኒክ ቦርድ ይግባበት» የሚል ምክር አንብበናል። ሆፐር ማለት በማሽኑ ውስጥ ሳንቲሙን ይዞ ላሸነፈ ሰው የሚከፍለው ዕቃ ነው። ሥራችን እነዚህን ማሽኖች መጠገን ነውና ምክሩ እንዲታረም እንለምናለን። እዚህ ላስ ቬጋስ ሐበሻው ብዙ ነው፤ ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥበት አንዱን ገዝቶ ለሳሎን ጌጥ የሚያቆም አይጠፋም። ያንን ምክር ሰምቶ የውስጡን ሽቦ በፒንሳ የቆረጠ ሰው ግን ማሽኑን መልሶ አያገኘውም። አንድ በአንድ በእጅ የታሰረ ሽቦ ነው።

የምንናገረው የቺካጎው ባሊ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1963 «መኒ ሀኒ»ን ከሠራ በኋላ ስለወጡት ኤሌክትሮሜካኒካል (ኤሌክትሪክና ተንቀሳቃሽ ብረት አብረው የሚያሠሯቸው) ማሽኖች ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት በአብዛኛው በሞላና በጥርስ ብቻ የሚሠሩ ነበሩ። መኒ ሀኒ በሞተር የሚዞር ሆፐር ይዞ መጣና ያለ አስተናጋጅ እስከ 500 ሳንቲም በራሱ መክፈል ቻለ። ኮምፒዩተር የሚባል ነገር የለበትም። የሚያስበው በሪሌ (በኤሌክትሪክ ተስቦ የሚሠራ ስዊች)፣ በኮይል (ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ብረት የሚስብ የሽቦ ጥቅል) እና በኮንታክት (ሲገጥም ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍ የስዊች ጫፍ) ነው፤ የሚታመመውም በእነዚሁ ነው።

ሆፐሩ እንዴት እንደሚቆጥር የገባው ሰው ሞተር አይቀይርም። ሪሎቹ (ሥዕል ያለባቸው የሚሽከረከሩት ጎማዎች) ቆመው የመዳብ ጣቶቹ በአሸናፊው ቦታ ላይ ሲገጥሙ ኤሌክትሪኩ ያልፋል፤ የሆፐሩ ሞተር ይነሳል። አንድ ሳንቲም በወጣ ቁጥር መውጫው አፍ ላይ ያለችውን ትንሽ ስዊች ገፍቶ ያልፋል። ስዊቿ ለክፍያ ቆጣሪው ኮይል አንድ ምት ትሰጣለች፤ ኮይሉ ጥርሳሙን ጎማ አንድ ጥርስ ያስኬደዋል፤ ከጎማው ጋር የሚዞረው የመዳብ ጣትም በባክላይት (ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ጠንካራ ፕላስቲክ) ሰሌዳው ላይ ካንዱ ሪቬት (የብረት ነጥብ) ወደሚቀጥለው ይሻገራል። ጣቱ የዕጣው ልክ የሆነው ሪቬት ላይ ሲደርስ ሞተሩ ይቆማል። ለ10 ሳንቲም አሥር ምት፣ ለ18 ሳንቲም አሥራ ስምንት ምት ነው። እንግዲህ ሆፐሩ እስኪራቆት ድረስ ከተፋ ሞተሩ ጤነኛ ነው፤ ያልቆጠረው ቆጣሪው ነው። ሞተሩ ሞቶ ቢሆን አንድም ሳንቲም አይወጣም ነበር።

ምርመራው ቴስተር እንኳን አይጠይቅም። ስፒናውን ከሶኬት ንቀሉ፤ ስዊቹን ማጥፋት ብቻውን አይበቃም። የቆጣሪውን ኮይል ላሜራ (ኮይሉ የሚስበውን ብረት) በጣት ግፉት። ጎማው አንድ ጥርስ ብቻ ሄዶ «ቀጭ» ብሎ መያዝ አለበት። ይህን ሃያ ጊዜ ያህል ድገሙ። ቀጥሎ ጎማውን ወደ ዜሮ የሚያስመልሰውን የመመለሻ ኮይል ላሜራ ግፉ፤ ጎማው በሞላው ተስቦ በአንድ ጊዜ ወደ ዜሮ መወርወር አለበት። ማር ውስጥ እንደተነከረ እየተጎተተ ከተመለሰ ችግሩ ተገኘ፦ ፋብሪካው የቀባው ግራሶ ከሃምሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ቡናማ ሙጫ ሆኗል። የተጣበቀ ጥርስ አልራመድ ሲል ማሽኑ ከልክ በላይ ይከፍላል። ጎማው ዜሮ ሳይደርስ መንገድ ላይ ከቀረ ደግሞ የሚቀጥለው ዕጣ ቆጠራውን ከመሃል ይጀምርና ያጎድላል። ሁለት ተቃራኒ የሚመስሉ ብልሽቶች መነሻቸው አንድ ቆሻሻ ነው።

ለማጽዳት ቆጣሪውን ፈትታችሁ አውጡ። ነገር ግን የመመለሻውን ሞላ ከመልቀቃችሁ በፊት ስንት ዙር እንደተጠመጠመ ቁጠሩና ጻፉ፤ ፎቶም አንሱ። ዙሩ ከበዛ ኮይሉ ጎማውን መግፋት ያቅተዋል፤ ካነሰ ጎማው አይመለስም። አሮጌውን ግራሶ 91 በመቶ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮልና በጥርስ ብሩሽ አውልቁ፤ ሪቬቶቹን እስኪያበሩ ጥረጉ። ከደረቀ በኋላ ዘንጉ ላይ አንድ ጠብታ ቀጭን የማሽን ዘይት ይበቃል። የኮይሉ ዘንግ የሚመላለስበት ቱቦ ውስጥ ግን ምንም ዘይት አይገባም፤ አቧራ ሰብስቦ ይቆልፈዋል። ሰው ሁሉ ቶሎ የሚያነሳውን ደብሊው ዲ 40 አትርጩ። መጀመሪያ ያለሰለሰ ይመስላል፤ ቆይቶ ቅሪቱ ቆሻሻ ይይዛል። በዚያ ላይ ተቀጣጣይ ነው፤ ኮንታክቶቹ ደግሞ በሠሩ ቁጥር ብልጭታ ይሰጣሉ። ለአልኮሉም ቢሆን ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ መብራት አትልቀቁ።

ቆጣሪው በእጅ በደንብ ከሄደና ሆፐሩ አሁንም ካልቆመ ወደ መውጫዋ ስዊች ሂዱ። አንድ ሳንቲም በእጃችሁ ቀስ አድርጋችሁ በመውጫው አሳልፉና ሁለቱን የስዊች ላሜራዎች በባትሪ ብርሃን ተመልከቱ። ሳንቲሙ ሲያልፍ መግጠም ብቻ ሳይሆን ከገጠሙ በኋላ ትንሽ ተገፍተው እርስ በርስ መፋተግ አለባቸው፤ ኮንታክቱ ራሱን የሚያጸዳው በዚያ ነው። ሲለያዩ በመካከላቸው ከ0.8 እስከ 1 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይኑር። ከማስተካከላችሁ በፊት ላሜራዎቹን የያዙትን ሁለት ቪቴዎች አጥብቁ። አብዛኛው ሰው ይህን ዘሎ ላሜራ ማጣመም ይጀምራል፤ ቪቴው ሲጠብቅ ግን ሁሉም ይለወጥበታል። የምታጣምሙት ከሥሩ በኩል እንጂ ከጫፉ አይደለም። ኮንታክቱ ከጠቆረ በአልኮል የራሰ ጠንካራ ወረቀት መሃሉ አስገብታችሁ ቀስ ብላችሁ ሳቡ። የአሸዋ ወረቀት በብር የተሠራውን የኮንታክቱን ፊት ይቧጭራል፤ ደቃቁም እዚያው ይቀራል።

ሆፐሩ እየዞረ ሳንቲም ካላወጣ ደግሞ ሳንቲሙን እዩ። እያንዳንዱ ሆፐር ለአንድ ዓይነት ሳንቲም የተሠራ ነው። የአሜሪካ ኒክል 21.21 ሚሊ ሜትር፣ ኳርተር 24.26 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፤ ለኳርተር በተሠራ ሆፐር ውስጥ አንድ ኒክል ወይም አንድ የተጣመመ ሳንቲም ቢገባ መንገዱን ይዘጋል። ሆፐሩን አራቁቱ፣ ለዩ፣ መልሱ።

ሳንቲም ገብቶ እጀታው አልሳብ ካለ በጉልበት አትጎትቱ፤ የሚሰበረውን ክፍል ማግኘት ከባድ ነው። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ በሩ በትክክል ተዘግቶ የበሩን ስዊች ተጭኗል ወይ? የሳንቲም ስዊቿ ሳንቲሙ ሲያልፍ ትገጥማለች ወይ? ያለፈው ጨዋታ አልቆ ቆጣሪው ዜሮ ላይ ነው ወይ? ሦስቱም ደህና ከሆኑ በኋላ ነው የእጀታውን ኮይል የምንጠረጥረው። በዚህ መሃል ትልልቆቹን የሽቦ ማገናኛዎች ሁሉ አንድ ጊዜ ነቅላችሁ መልሱ። ማሽኑ ሲጓጓዝ ስለሚላሉ ብዙ «የሞተ» ማሽን የሚነሳው በዚህ ብቻ ነው።

ኮይል ሲቃጠል የተጠቀለለበት ወረቀት ይጠቁራል፣ የሚጎመዝዝ ሽታም ይሰጣል። በቴስተር ስትለኩት አንዱን ጫፍ ከስታኞው አላቁት፤ ካላላቀቃችሁት በትራንስፎርመሩና በአምፖሎቹ በኩል የሚዞረው መስመር የተሳሳተ ኦም ያሳያችኋል። አዲስ ኮይል ገዝቶ መግጠም ግን የሥራው ግማሽ ነው። ኮይል የሚቃጠለው ለቅጽበት ብቻ ሊሠራ ሲገባ ረጅም ጊዜ መብራት ስለተላከበት ነው። የትኛው ስዊች ሳይከፈት ቀርቶ እንደላከበት ካልተገኘ አዲሱም በደቂቃዎች ውስጥ ይነዳል።

ሪሌ እንደ ንብ ሲጮህ ለይታችሁ ስሙት። በእነዚህ ማሽኖች ውስጥ በኤሲ (አቅጣጫው በሚለዋወጥ ኤሌክትሪክ) የሚሠራ ሪሌ እምብርቱ ጫፍ ላይ ትንሽ የመዳብ ቀለበት አለችው፤ ኤሌክትሪኩ በሰከንድ ብዙ ጊዜ ዜሮ ሲነካ ላሜራው እንዳይለቅ የምትይዘው እሷ ናት። ቀለበቷ ከተሰነጠቀች፣ ወይም በእምብርቱና በላሜራው መካከል ቆሻሻ ከገባ፣ ሪሌው ይንቀጠቀጣል፤ ኮንታክቶቹም ይበላሉ። መጀመሪያ ፊቱን ጥረጉ።

ፊውዝ ሲቆረጥ በላዩ በተጻፈው አምፔር ብቻ ይተካ፤ በአሉሚኒየም ወረቀት መጠቅለል ቤት ማቃጠል ነው። አምፖሎቹን በ47 ቁጥር ብትተኩ 44 ቁጥር ከሚወስደው 0.25 አምፔር ይልቅ 0.15 ብቻ ይወስዳሉ፤ የፊቱ መስታወት ቀለምም በሙቀት ቶሎ አይላጥም። የኤሌክትሪክ ገመዱ ባለ ሁለት እግር ከሆነ በባለ ሦስት እግር ቀይራችሁ አረንጓዴውን ሽቦ በቡሎን ከብረቱ አካል ጋር እሰሩት። ይህን ሳታደርጉ ልጆች ባሉበት ቤት አትሰኩት፤ መላ አካሉ ብረት ነው።

የሕጉንም ነገር አንባቢ ይወቅ። በቤት ማስቀመጥ የሚፈቀደው እንደየግዛቱ ይለያያል፤ በካሊፎርኒያ ለምሳሌ ማሽኑ ከ25 ዓመት በላይ መሆን አለበት።

አዲስ አበባ ለመውሰድ የምታስቡ ካላችሁ ማሽኑ የተሠራው ለ120 ቮልትና ለ60 ኸርዝ ነው። ከ220 ቮልት የሚያወርድ ትራንስፎርመር ቮልቱን ያስተካክላል፤ ኸርዙን ግን 50 ላይ እንዳለ ይተወዋል። ስለዚህ ሞተሩ በስድስተኛ እጅ ያህል ይዘገያል፤ የማሽኑ የራሱ ትራንስፎርመርም ከለመደው በላይ ይሞቃል። የመጀመሪያው ቀን ላይ አንድ ሰዓት አሠርታችሁ አጥፉና ስፒናውን ንቀሉ፤ ከዚያ የማሽኑን ትራንስፎርመር ከውጭ በእጅ ጀርባ ንኩት። እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ የሚያወርደውን ትራንስፎርመር 100 ቮልት በሚሰጥ ቀይሩት።

የአሮጌ ማሽን ጠጋኞች፣ ከላስ ቬጋስ