ክሮሞዞሜን ለቆጠራችሁ

ፈጣሪ ይመስገን፣ የሦስተኛ ወሩ የመቅኔ ምርመራ ውጤት ደርሷል። በፒሲአር፣ ማለትም ጥቂት የቀረ የካንሰር ዘረመልን እንኳ በሚለይ ምርመራ፣ ተፈልጎ የካንሰሩ ርዝራዥ አልተገኘም።

ደምና ፕላትሌት የሰጣችሁኝ፣ ትኩሳቴን ስትለኩ ያደራችሁ ነርሶች፣ ከአልጋዬ ያልተለያችሁ ቤተሰቦቼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እናንተን በአካል መጥቼ አመሰግናለሁ። ይህን የምጽፈው ግን አንድም ቀን አግኝቻችሁ ለማላውቅ የላቦራቶሪ ሰዎች ነው።

አኩት ሊምፎብላስቲክ ሉኪሚያ፣ ማለትም የደም ካንሰር እንዳለብኝ ሲነገረኝ "እድናለሁ ወይ?" ብዬ ጠየቅኩ። ሐኪሟ አልዋሸችኝም። "ስሙን አውቀናል፣ ጠባዩን ገና አላወቅንም፤ የዘረመል ውጤቱ ይምጣ" አለችኝ። እንዴት ያለ ጥበቃ ነበር! ምን ስትሠሩ እንደነበር የገባኝ በኋላ ነው። ከመቅኔዬ የተወሰዱትን ሴሎች አሳድጋችሁ፣ በመከፈል ላይ እያሉ አስቁማችሁ፣ ቀለም ነክራችሁ፣ የ20 ሴሎችን ክሮሞዞም፣ ማለትም ዘረመልን የተሸከሙትን ዘንጎች፣ ጥንድ በጥንድ እያስተያያችሁ ነበር። ከዚያም 9ኛውና 22ኛው ክሮሞዞም ቁራጭ ተለዋውጠው አገኛችኋቸው። ፊላደልፊያ ክሮሞዞም ይሉታል።

ስልኬ ላይ አነበብኩና አለቀስኩ። በአዋቂ ሰው ላይ ይህ ለውጥ ያለበት ሉኪሚያ ለብዙ ዓመታት ከክፉዎቹ ሁሉ የከፋ ተብሎ ሲቆጠር ኖሯል። ሐኪሟ ግን "ያነበብሽው የድሮውን ነው" አለችኝ። ከልውውጡ ቢሲአር-ኤቢኤል የሚባል ጥምር ጂን ይፈጠራል፤ ፕሮቲኑም ሴሉን ያለ እረፍት ተባዛ ተባዛ ይለዋል። ዛሬ ያንን ፕሮቲን የሚያስቆም የሚዋጥ ኪኒን አለ፣ ዳሳቲኒብ ተጀመረልኝ። እናንተ ለውጡን ባታዩት ማን ያዝልኝ ነበር?

እ.ኤ.አ. በ1960 ያንን ትንሽ ክሮሞዞም መጀመሪያ ያዩት ፒተር ኖዌልና ዴቪድ ሀንገርፎርድ፣ በ1973 ደግሞ ልውውጥ መሆኑን የደረሰችበት ጃኔት ራውሊ፣ ነፍሳቸውን ይማር።

አሁን ውጤት የምትጠብቁ ወገኖቼ፣ የሌላውን ሰው ዕድል በራሳችሁ ላይ አታንብቡ። አብሮኝ የተኛው ወንድም አኩት ማይሎይድ የሚባል ሌላ ዓይነት የደም ካንሰር ነበረበት፣ 16ኛው ክሮሞዞሙ ተገልብጦ ተገኘ፤ ይህ ለኬሞ ጥሩ ምላሽ ከሚሰጡት ነው። ብዙ ክሮሞዞሞቿ የተሰባበሩባት እህት ግን ገና ከጅምሩ ስለ መቅኔ ንቅለ ተከላ ተነገራት፣ እህቷም ለጋሽ ልትሆን ቀረበች። ያንን መንገድ ቶሎ ያሳያትም የእናንተው ማይክሮስኮፕ ነው።

ኪኒኑን እየዋጥኩ ነው፣ ክትትሉም ይቀጥላል። በቅርቡ ናሙናዬ እንደገና እጃችሁ ይገባል። ከቱቦው ላይ ስሜን ስታዩ፣ ያቺ ስታመሰግናችሁ የነበረችው እኔ ነኝ።