ሁለተኛዋ ስንኝ

አዲስ አበባ፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ እህት ዓለሜ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ድሮ እናቶቻችን ደብዳቤ ሲያስጽፉን «ከናፍቆትሽ በስተቀር ደኅና ነኝ» ሳይሉ ወደ ጉዳያቸው አይገቡም ነበር። እኔም እንደ ወጉ ልበል፦ ከናፍቆትሽ፣ ከጉልበቴና ከሀፍረቴ በስተቀር ደኅና ነኝ። ናፍቆቱን ታውቂዋለሽ። ጉልበቴ ደረጃ ስወጣ ይንቋቋል፣ ሌላ ነገር የለውም። ሀፍረቱን ግን ሰባት ዓመት ሙሉ ስሸሸው ስለኖርኩ ዛሬ ልናገረው።

አባትሽ ባረፉ ቀን ድንኳኑ ሲተከል ነበርኩ። አጎትሽ ወደ ጓሮ ጠርተውኝ «መርዶው ሳይነገራት እንዳትደውዪ፤ እዚያ ያሉት ዘመዶች ማለዳ ሄደው ይነግሯታል» አሉኝ። ትክክል ነበሩ፣ ጠበቅኩ። ተነገራት ሲባል ደግሞ «አሁን ቤቷ ሰው ሞልቷል» አልኩ። በሦስተኛው ቀን «ደክሟት ይሆናል» አልኩ። አርባው ደረሰ፤ እንጀራ ሳቀርብ፣ ጠላ ስቀዳ ዋልኩ፤ ስልኬ ግን ከቀሚሴ ኪስ አልወጣም። ከዚያ በኋላ ምን ብዬ ልደውል? ድንኳኑ ከተነቀለ በኋላ የሚመጣ ለቅሶ ደራሽ በር ላይ ቆሞ ምን ይላል? አንቺም ዝም አልሽ፣ አልፈርድብሽም። እነሆ ዘግይቼ ደረስኩ፦ ነፍሳቸውን ይማር፤ እግዚአብሔር ያጽናሽ።

ታዲያ ዛሬ ምን አስነሣሽ ትዪኝ ይሆናል። ልጄ ናት፤ ያቺ በፎቶግራፍ ብቻ የምታውቂያት። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ከእኔ በአንድ ጣት ትረዝማለች፤ ጥያቄዋ አያልቅም። ባለፈው እሑድ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ቶናው እየተቀዳ ሳለ፣ ስልኳን አስቀምጣ «እስቲ ሁላችሁም ንገሩኝ፤ በዐይናችሁ ካያችሁት መድረክ ሁሉ የማትረሱት የትኛውን ነው?» አለች። ቡናው ቀዘቀዘ፣ ቤቱ ሞቀ።

ባለቤቴ ማንንም ሳያስቀድም «መስቀል አደባባይ፣ ጥር 29 ቀን 1997» አለ። ቀኑን ሳይቀር ያውቀዋል! የተጋባንበትን ቀን ግን በየዓመቱ የማስታውሰው እኔ ነኝ። ቦብ ማርሊ በሕይወት ቢኖር ስልሳ ዓመት የሚሞላበት ቀን ነበር፤ ትዝ ይልሻል? ያን ሰሞን ከተማው አፅሙ ወደ ሻሸመኔ ሊመጣ ነው በሚል ወሬ ሲታመስ ሰንብቶ፣ እንዳልሆነ ቆይቶ ተነገረ። ባለቤቴ ሪታ ማርሊን ከነልጆቿ፣ ዩሱ ንዱርን፣ ባባ ማልን፣ አንጀሊክ ኪጆን እየጠራ በኩራት ቆጠረ፤ እነርሱን እርሱ የጋበዛቸው ይመስል። እኔና አንቺም እዚያው ነበርን። ግን እኛ ከነበርንበት ከላይኛው ደረጃ ሆኖ መድረኩ ላይ ያለው ሰው ከክብሪት እንጨት አይበልጥም ነበር። ድምፁም ሁለት ሁለት ጊዜ ነበር የሚደርሰን፤ አንዴ በቀጥታ ከድምፅ ማጉያው፣ አንዴ ደግሞ ከሕንፃ ተላትሞ ሲመለስ። አንቺ «ቦብ ራሱ ከኋላ እየተቀበለ ነው» ብለሽ በዙሪያችን ያለውን ሰው ሁሉ አሳቅሽው። ባለቤቴ ስለዚያ ሁሉ ሕዝብ ሲያወራ፣ እኔ ዐይኔ ላይ የመጣው በግፊያው የጠፋው የግራ እግር ጫማሽ ነው። እስከ ቄራ ድረስ በአንድ ጫማ ስታነክሺ፣ እኔ ደግሞ በሳቅ መራመድ ሲያቅተኝ። ስለ ሙዚቃው ብጠየቅ ብዙ የምለው የለኝም።

ቀጥሎ አማቼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የእርሳቸው ታሪክ የሰዓት እላፊው ዘመን ሂልተን ነው። ዋልያስ ባንድ እዚያ ሲጫወት ሰዓት እላፊው ከደረሰ ማንም ከሆቴሉ ወጥቶ ቤቱ መግባት አይችልም፤ ስለዚህ ታዳሚውም ባንዱም እስኪነጋ እዚያው ናቸው። «በሩ ተዘግቶብን እንጨፍር ነበር» አሉ አማቼ፤ «ውጭ ጥይት ይጮኻል፣ ውስጥ ኦርጋኑ። ስንወጣ ፀሐይዋ ታሳፍረን ነበር።» ልጄ አፏን ከፍታ ታዳምጣቸው ነበር። እኔም ለሃያ ዓመት የማውቃቸው ሰው እንዲህ መጨፈራቸውን ገና መስማቴ ነው፤ ለካስ አንድ ሰው የሚጠይቃቸው ጠፍቶ ነበር።

ያ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1981 ከማሕሙድ አሕመድና ከጌታቸው ካሣ ጋር ወደ አሜሪካ ሄዶ ሲጫወት፣ ከአባላቱ ከፊሎቹ በዚያው ቀሩ። የኦርጋኑ ጌታ ኃይሉ መርጊያ ከቀሩት አንዱ ነው። ቆይቶ አንቺ በምትኖሪበት ከተማ ታክሲ ሲነዳ ኖረ። ኪቦርዱን ከመኪናው ኋላ ጭኖ ይዞር ነበር፤ የዋሽንግተኑ ደለስ አየር ማረፊያ ተራ ሲጠብቅ አውጥቶ በባትሪ ይለማመድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1985 የሠራው ካሴት በ2013 እንደገና ታትሞ በዓለም ሲሰማ፣ ስልሳውን ካለፈ በኋላ ወደ መድረክ ተመለሰ። ይህን ያነበብኩ ዕለት መጀመሪያ የታሰብሽኝ አንቺ ነሽ። አሜሪካን የረገጥሽው በዚያው አየር ማረፊያ በኩል አይደል? ማን ያውቃል፣ ያቺን ገመድ የተጠመጠመባትን ሻንጣሽን ለመጫን ኪቦርዱን ገፋ ያደረገው እርሱ ቢሆንስ ብዬ ብቻዬን ሳቅኩ። የእኛ ሰው መሆኑን አውቀሽ ዋጋ ሳትከራከሪው አትቀሪም።

የባለቤቴ ወንድም ደግሞ «ምን ሩቅ ያስኬዳል? የማሕሙድ ስንብት ነው» አለ። ጥር 2017 በሚሌኒየም አዳራሽ የተደረገው ነው፤ አብረን ነበርን። ሰማንያ ዓመት ያለፈው ሰው ለመሰናበት መድረክ ሲወጣ ማየት ከባድ ነው፤ እንዳይደክመው ትሳቀቂለታለሽ፣ እንዳያቆም ደግሞ ትለምኚዋለሽ። በልጅነቱ ጫማ ጠርጓል። አሪዞና በሚባለው ክበብ ተላላኪ ሆኖ ሲሠራ፣ አንድ ምሽት የክቡር ዘበኛ ዘፋኞች ሲቀሩ «እኔ ልሞክር» ብሎ ነው የወጣው። አስቢው፣ በዚያች ምሽት ከዘፋኞቹ አንዱ እንኳ በሰዓቱ ቢገኝ ኖሮ!

ከሚሌኒየም አዳራሹ ምሽት ለእኔ የቀረልኝ ግን አጠገቤ የተቀመጡት እናት ናቸው። ነጠላቸውን አጣፍተው ጸጥ ብለው ቆይተው፣ ማሕሙድ ሲገባ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን አወለቁ። ደንግጬ አየኋቸው። «ቆሜ ልስማው ብዬ ነው፤ በዚህ ጫማ አልችልም» አሉኝ። እስከ መጨረሻው በባዶ እግራቸው ቆሙ። እኔ ደግሞ ጫማ ሲነሣ ማን ትዝ እንደሚለኝ ታውቂያለሽ። ወደ ቤት ስንመለስ ልደውልልሽ ስልኬን አነሣሁ። እዚያ ስንት ሰዓት እንደሆነ ሳሰላ፣ ሥራ ላይ ትሆናለች ስል፣ እንቅልፍ ወሰደኝ። ይህንንም ይቅር በዪኝ።

በመጨረሻ ተራው የእኔ ሆነ። ሁሉም የታወቀ ስም፣ የታወቀ አዳራሽ ጠርቷል። እኔ «ካዛንቺስ፣ አንድ አዝማሪ ቤት» ስል ባለቤቴ «የማን?» አለ። ስሙን አላውቀውም። የቤቱንም ስም አላስታውስም። አንቺ ግን ታውቂዋለሽ።

ሚያዝያ 2001። ጥላሁን ገሠሠ በፋሲካ ዕለት አርፎ፣ ሕዝቡ አልቅሶ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ቀብሮታል። ሳምንቱን ሙሉ ከየሱቁ፣ ከየታክሲው የሚሰማው የእርሱ ድምፅ ብቻ ነበር። ቪዛሽ ወጥቶ ልትሄጂ ዘጠኝ ቀን ቀርቶሻል። «ልቅሶ ሰልችቶኛል፣ አንድ ቦታ ውሰጂኝ» አልሽ፤ ልቅሶው ግን እዚያም ቀድሞን ገብቶ ነበር። ቤቱ ጠባብ፣ በርጩማው ዝቅ ያለ፤ መሲንቆውን የያዘው ሰውዬ ከሲታ፣ ኮቱ ከትከሻው የሰፋ። ማይክሮፎኑ ይንጫጫል፣ ድምፅ ማጉያው ከዘፈኑ ይልቅ የራሱን ጩኸት ያሰማል። አንቺ ጆሮሽን ይዘሽ «እንሂድ» ስትዪኝ መብራቱ ድርግም አለ። የዚያ ዓመት ፈረቃ! የሰፈራችንን ተራ አምልጠን ወጥተን የካዛንቺስ ተራ ላይ ወደቅን። ባለቤቲቱ ሻማ ፍለጋ ስትደናበር፣ ሰውዬው በጨለማው ውስጥ «አሁን ገና ተገላገልን» አለ።

ከዚያ የሆነውን ለልጄ ልነግራት ሞክሬ አልሆነልኝም። አንዲት የፈረስ ጭራ ጅማት ናት፣ አንድ ቆዳ የተወጠረበት ሳጥን ነው፤ ከዚያ ያ ሁሉ ከየት ይወጣል? የጥላሁንን ዜማ ሳይቸኩል፣ እየጎተተ፣ በየመሀሉ መሲንቆውን ብቻውን እያስለቀሰ ሲያዜም፣ ሰው ጠርሙሱን እንኳ ሳያጋጭ ሰማ። ሻማው ሲመጣ ማንም ደስ ያለው አልመሰለኝም። ቀጥሎ ከወዲህና ከወዲያ «ተቀበል!» እየተባለ ግጥም ይወረወርለት ጀመር፤ እርሱም እያሳመረ ይመልሳል። አንዱ ወፍራም ሰው ስለ መብራት ኃይል ሲሰድብ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ያኔ ተነሥቼ በጆሮው «ይቺ ጓደኛዬ አሜሪካ ልትሄድብኝ ነው» አልኩት። ግጥም መስጠት አቅቶኝ ነበር፤ ጉዳዬን ብቻ ሰጠሁት።

መጥቶ ፊትሽ ተንበረከከ። መሲንቆውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ትንሽ አየሽ። ከዚያ፦

እንዴት ይችለዋል አንድ ሻንጣ ብቻ

አለ። ደገመው። ሰው «እህ!» እያለ ጠበቀው። ሁለተኛዋን ስንኝ ሲጥላት መጀመሪያ ሁሉም ሳቀ፤ ወዲያው ወርቁ ዘግይቶ የገባቸው፣ አንድ በአንድ ዝም አሉ። አንቺ ስትስቂ ቆይተሽ ነው ያለቀስሽው። የሻማው ሰም እጅጌሽ ላይ ሲንጠባጠብ ዐይቻለሁ። የከፈልኩትን ብር አስታውሳለሁ። በላዳ ስንመለስ ስለ ሰምና ወርቁ እንደተጨቃጨቅን፣ ሾፌሩ ሳይቀር ገብቶ እንደ ፈረደብኝ አስታውሳለሁ። ስንኟ ግን ጠፍታብኛለች! አጥንቷ ሳይቀር ጠፍቷል። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ በእጄ ያለች መስሎኝ ኖሬ፣ ሰው ፊት ስፈልጋት የለችም።

ልጄ «ቪዲዮ የለሽም?» አለችኝ። በዚያ ጨለማ? በዚያ ዘመን ስልክ? «ታዲያ እንደዚያ ድንቅ መሆኑን በምን አውቃለሁ?» አለች። አጠያየቋ የፖሊስ ነው። «ምስክር አለኝ» አልኳት። «የት አለች?» አለችኝ። አማቼ ወደ ስኒያቸው አቀረቀሩ፤ ባለቤቴ ወደ እኔ አየ። መልስ አልነበረኝም፤ ይህን ደብዳቤ የጀመርኩት ያን ዕለት ማታ ነው።

በማግስቱ ካዛንቺስ ሄጄ ነበር። አልነገሩሽ እንደሆነ፣ ሰፈሩ ባለፈው ዓመት ፈርሷል። መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ ሰልፍ ይዟል፤ እኔ ግን የት እንደቆምኩ አላወቅኩም። ቤቱን በጠረኑ እንኳ አገኘዋለሁ ብዬ ነበር፤ የሚሸተኝ ሲሚንቶ ሆነ። ከአንድ ጥበቃ ጋር ስለ አዝማሪ ቤቶች ብንነጋገር፣ ልጁ የመጣው በቅርቡ ነው፤ «እዚህ አዝማሪ ነበር እንዴ?» አለኝ። ያ ሰውዬ የት ደርሶ ይሆን? ስሙን እንኳ ሳልጠይቀው መሄዴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ብሩን ግንባሩ ላይ ለጥፈን ወጣን።

ቤት ውስጥ አሁን ሥራችን ስንኝ ፍለጋ ሆኗል። ቤት የሚመታው በ«ቻ» ነው። ልጄ «ዳርቻ» ትላለች። አማቼ «ዘመቻ» ይላሉ፤ የእርሳቸው ዘመን ሰው ሌላ ምን ሊመጣለት ይችላል? ባለቤቴ «ስልቻ» ብሎ ራሱ ይስቃል። እኔ «አቻ» የምትል ቃል የነበረች ይመስለኛል፤ ግን ምኞቴ ይሁን ትዝታዬ መለየት አቅቶኛል። አንቺ ያን ጊዜም ከእኔ ይልቅ ግጥም ይያዝልሽ ነበር። ትምህርት ቤት ቅኔው ሳይገባሽ እንኳ ቃሉን ትዪው አልነበር?

ስልክ ቁጥሬ ያው የድሮው ነው። በድምፅ መላክ ከቀለለሽ ላኪልኝ፤ ግን እንደ እርሱ እየጎተትሽ እንጂ ዝም ብለሽ እንዳታነቢው። ረስተሽው ከሆነም «ረሳሁት» ብለሽ ጻፊልኝ፤ እርሱም ይበቃኛል። ለገና የሚመጣ ሰው አግኝቻለሁ፤ ሽሮና በርበሬ፣ ትንሽ ኮረሪማ እልክልሻለሁ። በርበሬው በእናቴ እጅ የተደለዘ ነው፤ አሁንም «ያቺ ባለ አንድ ጫማዋ» እያለች ታነሣሻለች።

ደብዳቤው እንዳይጎድል ወረቀቱ ግርጌ ላይ ቦታ ትቼልሻለሁ፤ ሙይውና መልሽልኝ።

የማትረሳሽ እህትሽ

እንዴት ይችለዋል አንድ ሻንጣ ብቻ፣